እንግሊዝኛ ኢሜይል በምን ሰላምታ ልጀምር? ለስራ ባልደረባ ስትጽፉ ከ"ሄይ" እስከ "ዲር"

ኢሜይሉ አልቋል፣ ጉዳዩ በደንብ ተጽፏል፣ ፋይሉም አታች ተደርጓል፣ የቀረችው የመጀመሪያዋ መስመር ብቻ ናት። "ሃይ" ብለው ደፈረኝ ይል ይሆን? "ዲር" ብለውስ ምን ነካው ይል ይሆን? እዚች ላይ ሲደርሱ ሲጽፉ ሲያጠፉ፣ ሲጽፉ ሲያጠፉ የሚቆዩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፣ እኔም በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጻጻፍ ቢሮ ስገባ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፍኩት እንደዛ ነው። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰውን ከነምክንያቱ ላስቀምጥላችሁ፣ ምክንያቱ ከገባችሁ እኔ ያላነሳሁት ነገር ሲገጥማችሁም ራሳችሁ መወሰን ትችላላችሁ።

ችግሩ ከየት ነው የሚመጣው?

አማርኛ ላይ አክብሮቱም ቅርበቱም ግሱ ውስጥ ነው ያለው። "ፋይሉን ላክልኝ"፣ "ላኪልኝ"፣ "ይላኩልኝ" ካልን በቃ፣ ከሰውየው ጋር ምን ያህል እንደምንቀራረብ ተናግረናል፣ ሰላም ባንልም ይታወቃል። እንግሊዝኛ ግን ያለው አንድ "ዩ" ነው፣ ለዋና ስራ አስኪያጁም "ዩ"፣ አጠገባችሁ ለሚቀመጠው ልጅም "ዩ"። ስለዚህ እኛ በ"አንተ" እና በ"እርስዎ" የምንለየውን ነገር እንግሊዝኛ ሌላ ቦታ ነው የሚያስቀምጠው፦ ሰላምታው ላይ፣ የስሙ አጠራር ላይ፣ ደግሞም "ሴንድ ሚ" ከማለትና "ኩድ ዩ ፕሊስ ሴንድ ሚ" ከማለት ልዩነት ላይ። የመጀመሪያዋ መስመር የምታስጨንቀን ያለምክንያት አይደለም፣ "አንተ" ወይስ "እርስዎ" የሚለው የሚወሰነው እሷ ላይ ስለሆነ ነው።

1. መጀመሪያ እሱ ወይም እሷ የጻፉትን እዩ

ከህግ ሁሉ በፊት ይሄ ይቀድማል። ሰውየው ከዚህ በፊት ጽፎላችሁ ከሆነ ኢሜይሉን ክፈቱና ሁለት ቦታ ብቻ እዩ፣ እናንተን እንዴት ብሎ ጠራችሁ፣ መጨረሻ ላይ ራሱን ምን ብሎ ፈረመ። "ሃይ" ብሎ በስማችሁ ጀምሮ መጨረሻ ላይ "ዴቭ" ብሎ ከፈረመ "ሃይ ዴቭ" በሉት፣ ፈቃዱን ሰጥቷችኋል። ሙሉ ስሙን ከነማዕረጉ ከፈረመና እናንተንም "ዲር" ብሎ ከጀመረ እናንተም "ዲር" በሉ፣ ቀለል ማድረጉን ለሱ ተዉለት። ባጠቃላይ ወደ ቀላሉ ሰላምታ የሚያወርደው የስልጣን ከፍታ ያለው ወይም በእድሜ የሚበልጠው ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፣ እሱ አንድ እርከን ሲወርድ እናንተም አብራችሁ ትወርዳላችሁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሰውየው ቸኩሎ ከስልኩ ያለሰላምታ በአንድ መስመር ቢመልስላችሁ ያንን አትኮርጁ፣ እሱ ስለተጣደፈ ነው እንጂ እንደዛ ጻፉልኝ ማለቱ አይደለም።

ጽፎላችሁ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ለሌሎች የጻፈው ካለ እዩ፣ ለመላው ሰራተኛ የላከው ማስታወቂያ ወይም ሲሲ የተደረጋችሁበት ኢሜይል አይጠፋም። ምንም ካላገኛችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

2. እርከኑን እወቁ

ከታች ወደ ላይ አምስት እርከን አለ ብላችሁ ያዙ።

"ሄይ" ከሁሉም የቀለለው ነው። አብሯችሁ ለሚውል፣ ለምትቀልዱት ሰው ይሆናል። ለማታውቁት ሰው ወይም ለአለቃ ሲጻፍ ግን "ስማ!" የሚል ድምጽ ሊኖረው ይችላል፣ በተለይ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ወይም ወቀሳ ከሆነ።

"ሃይ" ከስም ጋር፣ ለምሳሌ "ሃይ ሳራ"፣ ዛሬ ለስራ ባልደረባ ከምንም በላይ የሚያገለግለው ይሄ ነው። ድሮ እንደ ወዳጅ ሰላምታ ብቻ ይታይ ነበር፣ አሁን ግን የቢሮ መደበኛ ሰላምታ ሆኗል። ብዙ የኛ ሰው "ሃይ" ድፍረት ይመስለዋል፣ አይደለም። ብዙ የእንግሊዝኛ ቢሮዎች ውስጥ ዳይሬክተሩም "ሃይ" ተብሎ በስሙ ይጻፍለታል፣ ቅርም አይለውም። አማርኛ ላይ "እርስዎ" የምትሉት ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ ላይ "ሚስተር" ይባላል ማለት አይደለም፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

"ሄሎ" ከስም ጋር ከ"ሃይ" አንድ እርከን ከፍ ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትጽፉለት ሰው፣ ከሌላ ክፍል ለሆነ፣ በስልጣን ከፍ ላለ፣ "ሃይ" ቀለለብኝ "ዲር" ከበደብኝ ስትሉ መሀል ላይ ያለው እሱ ነው። በነገራችን ላይ "ሄሎ" ሰላምታ ሆኖ በሰፊው የተለመደው በስልክ ዘመን ነው፣ ቶማስ ኤዲሰን በ1877 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ስልክ በ"ሄሎ" ይጀመር ሲል፣ ስልክን የሰራው ግራሃም ቤል ደግሞ መርከበኞች የሚጠራሩበትን "አሆይ" ነበር የሚፈልገው። ያሸነፈው ማን እንደሆነ ይኸው እኛም ስልክ ስናነሳ እናውቀዋለን።

"ዲር" ከመጀመሪያ ስም ጋር ፎርማል ነው ግን ሩቅ አይደለም። እንግሊዞች ጋርና አለም አቀፍ ድርጅቶች ውስጥ በብዛት ታገኙታላችሁ። አሜሪካኖች ጋር የውስጥ ኢሜይል ላይ ብዙ ጊዜ ጠጠር ይላል፣ ሰው ተቆጥቶ የጻፈ ወይም ደብዳቤ የመሰለ ነገር ይሆንባቸዋል። ጥፋት ግን አይደለም፣ ማንም በ"ዲር" አይቀየምም።

"ዲር" ከማዕረግና ከቤተሰብ ስም ጋር ከሁሉም በላይ ነው፣ "ዲር ሚዝ ሚለር" ("ሚዝ" ለሴት ነው፣ ከታች እመለስበታለሁ)፣ "ዲር ዶክተር ሚለር"። ይሄ ለራሳችሁ ባልደረባ እምብዛም አያስፈልግም። ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ፣ ማዕረግ በጥብቅ በሚጠበቅበት ዩኒቨርሲቲ ወይም ሆስፒታል ውስጥ ላለ ሰው፣ ወይም ለኦፊሻል ደብዳቤ ያዙት።

ግራ ሲገባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ለማታውቁት "ሄሎ" ከስም ጋር፣ ለምታውቁት "ሃይ" ከስም ጋር። ከሁለቱ በአንዱ የተበሳጨ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

3. "ዲር" የምትለዋ ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ

"ዲር" መዝገበ ቃላት ላይ "ውድ" ነው፣ ግን ሰላምታ ላይ ስትመጣ ፍቅርም ናፍቆትም የለባትም፣ የደብዳቤ መክፈቻ ብቻ ናት። ለማታውቁት ወንድም ሴትም መጻፍ ትችላላችሁ። ችግር የሚመጣው ስሙ ሲጠፋና "ዲር" ብቻዋን ስትቀር ነው።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ሌላ አገር ሆና አብራን ለምትሰራ ልጅ ሪፖርት እንድትልክልኝ ስጽፍላት "ሄሎ ዲር" ብዬ ጀመርኩ። በኔ ቤት አክብሬም አቅርቤም ነው፣ "ሰላም ውዴ" እንደማለት፣ እኛ ለእህትም ለጓደኛም የምንለው። እሷ ሪፖርቱን ላከች፣ ያለሰላምታ፣ ሁለት መስመር። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዛው። ቡድኑን የሚመራው ሰው ለብቻዬ ጠርቶ በጥሩ አነጋገር አስረዳኝ፦ "ሄሎ ዲር" እንግሊዝኛ ላይ ወይ ለፍቅረኛ ነው፣ ወይ ትልቅ ሰው ለትንሽ ልጅ ነው፣ ወይ ደግሞ ገንዘብ ለማጭበርበር የሚላኩት ኢሜይሎች የሚጀምሩበት ነው። በጣም ነው የደነገጥኩት። ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩላት፣ "ሃይ" ብዬ በስሟ፣ እሷም በስሜ "ሃይ" ብላ መለሰች፣ ከዛ በኋላ ስራችን ደህና ሆነ። ስለዚህ "ዲር" ስትጽፉ ሁሌም ስም ይከተላት፣ "ማይ ዲር" የሚባለውንም ለባልደረባ ጨርሶ አትጻፉ።

ከአማርኛ ቀጥታ ሲተረጎሙ የሚበላሹ ሌሎችም አሉ። "እንዴት አደርክ" ለማለት "ሃው ዲድ ዩ ስፔንድ ዘ ናይት" ብሎ መጻፍ የሰውየውን ሌሊት መመርመር ነው የሚመስለው፣ "ጉድ ሞርኒንግ" ይበቃል። "ክቡር" ለማለት "ሪስፔክትድ ሰር" የሚሉ አሉ፣ ህንድ አካባቢ የተለመደ ነው፣ ሌላው ጋ ግን እንግዳ ይሆናል። "ዲር ሰር ኦር ማዳም" እና "ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን" ደግሞ አንባቢው ማን እንደሆነ ለማይታወቅ ደብዳቤ ናቸው። የባልደረባችሁን ስም እያወቃችሁ እነሱን መጻፍ አላውቅህም እንደማለት ነው።

4. ስሙን በትክክል ጥሩ

ሰላምታው ትክክል ሆኖ ስሙ ከተበላሸ ሰው የሚያስታውሰው ስሙን ነው። ስፔሊንጉን ከራሱ ፊርማ ወይም ከኢሜይል አድራሻው ላይ ኮፒ አድርጉ፣ በጆሮ የሰማችሁትን አትመኑ፣ "ሳራ" የሚባለው ስም እንኳን መጨረሻው ላይ "ኤች" ያለውና የሌለው አለ፣ ባለቤቶቹም ልዩነቱን ያዩታል። ማይክል ብሎ የሚፈርመውን ሰው "ማይክ" አትበሉት፣ ማሳጠር የሱ መብት ነው።

"ሚስተር" እና "ሚዝ" የሚቀድሙት የቤተሰብ ስምን ነው። ሰውየው ዴቪድ ሚለር ቢባል "ሚስተር ሚለር" ነው፣ "ሚስተር ዴቪድ" አይባልም። እኛ "አቶ" ብለን የራሱን ስም ስለምናስከትል እጃችን ወደዛ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሆን ብላችሁ ተጠንቀቁ። ለሴት "ሚስስ" ወይም "ሚስ" ከማለት "ሚዝ" በሉ፣ ያገባች ትሁን ያላገባች አይናገርም፣ ስራ ላይ ደግሞ ጉዳዩ አይደለም። ይሄ ቃል ቦታ ለማግኘት ብዙ ታግሏል፣ ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እንኳን የተቀበለው በ1986 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ነው። ዶክተርነት ወይም ፕሮፌሰርነት ያለው ሰው ካለ በ"ሚስተር" ወይም በ"ሚዝ" ፋንታ ማዕረጉን ጻፉ። ጾታው ከስሙ ያልታወቃችሁ ሰው ቢሆንስ? አትገምቱ፣ "ሄሎ" ብላችሁ የመጀመሪያ ስሙን ወይም ሙሉ ስሙን ጻፉ፣ መውጫው እሱ ነው።

የስም ቅደም ተከተልም ያሳስታል። ቻይናዎች፣ ኮሪያዎች፣ ሃንጋሪዎች በራሳቸው ቋንቋ የቤተሰብ ስማቸውን ነው የሚያስቀድሙት፣ አንዳንዱ ግን ለእንግሊዝኛ ብሎ ይገለብጠዋል፣ ስለዚህ የትኛው የትኛው እንደሆነ ካልገባችሁ "እንዳልሳሳት ብዬ ነው፣ በምን ልጥራህ?" ብሎ መጠየቅ ምንም ነውር የለውም። ጃፓኖች ጋር እንግሊዝኛ ላይም ቢሆን የቤተሰብ ስም ላይ "ሳን" ጨምሮ መጻፍ የተለመደ ነው፣ "ዲር ታናካ ሳን" ሲባል ለወንድም ለሴትም ይሆናል። አይስላንዶች ደግሞ እንደኛው የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌላቸው ብዙዎቹን በራሳቸው ስም ነው የምትጠሯቸው።

5. ብዙ ሰው ሲሆን

ሁለት ወይም ሶስት ሰው ከሆነ ስማቸውን ዘርዝሩ፣ "ሃይ ሳራ ኤንድ ዴቪድ"። ከዛ በላይ ሲሆን "ሃይ ኦል" ወይም "ሃይ ኤቭሪዋን"፣ የራሳችሁ ቡድን ከሆነ "ሃይ ቲም"፣ ለመላው ድርጅት ኦፊሻል ነገር ከሆነ "ዲር ኮሊግስ"። "ሃይ ጋይስ" ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ ግን ቃሉ መሰረቱ ወንዶችን ነው፣ ሴቶች ባሉበት የሚከፋቸው አሉ፣ ስለዚህ "ኤቭሪዋን" እያለ ለምን ትጋፉታላችሁ። "ጀንትልሜን" ደግሞ ሴት ባለችበት ጨርሶ አይሆንም።

ሰላምታው የሚመለከተው "ቱ" የሚለው ላይ ያሉትን ነው፣ ሲሲ ያሉት እንዲያውቁት ነው የገቡት። ግን ሲሲ ላይ ትልቅ አለቃ ካለ "ሄይ" የምትሉትን ጓደኛችሁን ለዛ ኢሜይል "ሃይ" በሉት፣ አንድ እርከን ከፍ ማድረግ ነው፣ ጓደኛችሁም ይገባዋል።

6. የሰዓት ሰላምታ

"ጉድ ሞርኒንግ" ቆንጆ ነው፣ ሞቅ ያለ ነው፣ ግን እናንተ ጠዋት የጻፋችሁትን ሰውየው ማታ ሊያነበው ይችላል፣ ሌላ አገር ከሆነ ደግሞ እኩለ ሌሊት ይሆንበታል። አንድ ቢሮ ውስጥ ካላችሁና ወዲያው እንደሚያነበው ካወቃችሁ ተጠቀሙ፣ ካልሆነ "ሄሎ" ሰዓት አያውቅም። "ጉድ ናይት" ግን በምንም ሰዓት መክፈቻ አይሆንም፣ እሱ ደህና እደሩ ነው፣ መሰነባበቻ። ማታ ሰላም የሚባለው በ"ጉድ ኢቭኒንግ" ነው።

7. ከሰላምታው በኋላ ያለችው አረፍተ ነገር

እኛ ደህንነት ሳንጠይቅ ወደ ጉዳይ መግባት ይከብደናል። እንግሊዝኛ ኢሜይል ላይ ግን አንድ አረፍተ ነገር ይበቃል፣ ቤተሰብ፣ ጤና፣ ስራ እየተባለ አይዘረዘርም። "አይ ሆፕ ዚስ ኢሜይል ፋይንድስ ዩ ዌል" የምትለዋ ስህተት የለባትም፣ ግን ሁሉም ስለሚጽፋት ማንም አያነባትም። ለሰውየው ብቻ የምትሆን ነገር ካላችሁ እሷን ጻፉ፣ "ከእረፍት እንኳን ደህና መጣህ"፣ "ትላንት ላቀረብሽው ፕሬዘንቴሽን አመሰግናለሁ" አይነት። ከሌላችሁ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ግቡ፣ እነሱ ጋ እንደ ብልግና አይቆጠርም፣ እንደውም ጊዜዬን አከበረልኝ ይላሉ።

8. ቻት ላይ

እንደ ስላክና ቲምስ ያሉ የቢሮ ቻቶች ላይ የሚጎዳን ልማድ አንድ ነው፦ "ሃይ" ብሎ ልኮ መጠበቅ። ሰውየው ስራውን አቁሞ ይከፍተዋል፣ "ሃይ" ይላል፣ እናንተ "ሃው አር ዩ" ትላላችሁ፣ እሱ "ጉድ፣ ዩ?" ይላል፣ አስር ደቂቃ አለፈ፣ ጉዳዩ ገና አልተነሳም። ሰላምታውንና ጥያቄውን አንድ መልዕክት ውስጥ አድርጉት፣ "ሃይ ዴቪድ፣ የመጋቢቱ ፋይል የት እንዳለ ታውቃለህ?" የሚል ነገር በአንድ መስመር። ሲመቸው ያያል፣ ሲያይ ይመልሳል። ስትመላለሱ ደግሞ በየመልዕክቱ ሰላም ማለት አያስፈልግም፣ በቀን አንዴ በቂ ነው።

9. ሪፕላይ ሲደጋገም ሰላምታው ይሳሳል

ይሄ በምሳሌ ነው የሚገባው። ሂሳብ ክፍል ያለች፣ አይታችኋት የማታውቋት ሚዝ ሚለር የምትባል ሴት አለች እንበል፣ ስሟ አና ነው። መጀመሪያ ቀን፦ "ሄሎ አና፣" ብላችሁ ማን እንደሆናችሁ በአንድ መስመር፣ ከዛ ጉዳያችሁን። እሷ "ሃይ" ብላ መልሳ "አና" ብላ ፈረመች። ሁለተኛው፦ "ሃይ አና፣ ፈጥነሽ ስለመለስሽልኝ አመሰግናለሁ"። ያን ቀን ከሰዓት አራተኛው መልስ ላይ ስትደርሱ "ሬፈረንስ ቁጥሩ ይኸው" ብቻ ብትሉ ማንም ቅር አይለውም፣ ወሬ ላይ ናችሁ። ከሳምንት በኋላ በአዲስ ጉዳይ ስትመለሱ ግን እንደገና "ሃይ አና" በሉ፣ በር ከፍቶ እንደመግባት ነው።

ስም ብቻ ጽፎ መጀመር፣ ማለትም "አና፣" ብሎ፣ በመሀል ሪፕላይ ላይ ምንም አይደለም፣ በመጀመሪያ ኢሜይል ላይ ግን ቁጣ ይመስላል። እኛም እኮ ስም ብቻ ተጠርተን ዝም ሲባል ምን አጠፋሁ ነው የምንለው።

10. ጉዳዩ ከባድ ሲሆን

ለቅሶ ለደረሰበት ባልደረባ "ሃይ ዴቪድ!" ከነቃለ አጋኖው አይጻፍም። እዛ ላይ "ዲር ዴቪድ" ነው የሚሻለው፣ ለስላሳም ክብደት ያለውም ነው፣ ሰዓት መድቦ እንደጻፈ ሰው ያስመስላል። ስህተት ለመንገር ወይም ለቅሬታ ስትጽፉ ደግሞ ሁልጊዜ የምትሉትን ሰላምታ አትቀይሩ። በየቀኑ "ሃይ" የምትሉትን ሰው ዛሬ "ዲር ሚስተር ሚለር" ካላችሁት፣ ሳያነበው ጠብ እንደሆነ ያውቃል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ሁሉ በጠብ አይን ነው የሚያነበው። ቃለ አጋኖ ለምስራችና ለምስጋና ይሁን፣ አንድ ብቻ።

11. ኮማና ካፒታል

ከስሙ በኋላ ኮማ አድርጉና መስመር ውረዱ። አሜሪካኖች በጣም ፎርማል ደብዳቤ ላይ በኮማ ፋንታ ኮለን ያደርጋሉ። ከኮማው በኋላ የሚመጣው አረፍተ ነገር በካፒታል ነው የሚጀምረው። "ሚስተር" ሲያጥር አሜሪካኖች ነጥብ ያደርጉበታል፣ እንግሊዞች አያደርጉም፣ አንዱን መርጣችሁ እሱን ያዙ።

12. ሴንድ ከማለታችሁ በፊት

ቴምፕሌት የምትጠቀሙ ወይም የድሮ ኢሜይል ኮፒ የምታደርጉ ከሆነ ይሄን አትዝለሉ። አንዴ አንድ ባልደረባዬ ለሶስት ሰው ተመሳሳይ መልዕክት ሲልክ የመጀመሪያውን ሰው ስም በሶስቱም ላይ ትቶት ሄደ፣ ጉዳዩ ደግሞ የደሞዝ ነበር፣ ያንን ለማስተካከል የፈጀበትን ቀን አስታውሳለሁ። ስለዚህ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ጣታችሁን አንዴ "ቱ" የሚለው መስመር ላይ፣ አንዴ ሰላምታው ላይ አድርጉና ሁለቱን ስሞች ፊደል በፊደል አስተያዩ። እንደውም አድራሻውን መጨረሻ ላይ የሚሞሉ ሰዎች አሉ፣ እኔም እንደዛ ነው የማደርገው፦ መጀመሪያ ጉዳዩን፣ ከዛ ሰላምታውን፣ ከዛ አድራሻውን፣ ስሙን እያየሁ።